ጠብታው የሚወርደው መቼ ነው?

ካቻቢቴውን አስቀምጪ፣ ሚጣ። ያገኘሽውን ማሰሪያ ሁሉ ዝም ብለሽ አታጥብቂ። ያረጀ ጎማ ላይ አንዱን ከልክ በላይ ካዞርሽው ቱቦውን ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ቦታ ታፈስ የነበረችው ሁለት ቦታ ታፈሳለች። መጀመሪያ አንድ ነገር መልሺልኝ፦ ይህች ሆንዳ ሞተር ሳይክልሽ የምታፈሰው መቼ ነው? የት አላልኩሽም፣ መቼ ነው ያልኩሽ። ሌሊቱን ቆማ ስታድር ነው? እየነዳሻት ነው? ወይስ ነድተሽ ገብተሽ ካጠፋሻት በኋላ? ይህን ካወቅሽ የቦታውን ግማሽ አወቅሽ።

«እንጃ፣ ሽታው ይሸተኛል እንጂ መሬቱ ደረቅ ነው» ካልሽም ይህ ራሱ መልስ ነው። እንዲያውም ብዙ የሚናገር መልስ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ቅድሚያ ግን የምናሳድደው ነገር ኩላንት፣ ማለትም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ መሆኑን እንወቅ። ጠብታውን ነክተሽ በሁለት ጣትሽ መሃል አሻሺው። ውሃ ከሆነ ወዲያው ይደርቃል። ኩላንት ያሟልጫል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል፣ ሽታው ወደ ጣፋጭነት ያደላል። ቀለሙ አረንጓዴም ሰማያዊም ቀይም ሊሆን ስለሚችል በቀለም ብቻ አትፍረጂ። መቅመስ ግን በፍጹም! ውስጡ ያለው ኢቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ኩላሊት ያበላሻል፤ ውሻና ድመት ይልሱትና ይሞታሉ። የጎረቤትሽ ውሻ ጋራዥሽ ውስጥ እንደልቡ ሲገባና ሲወጣ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ያፈሰሽውን በጎድጓዳ ዕቃ ተቀበዪ፣ መሬት ላይ የቀረውንም ወዲያው እጠቢ።

ደግሞ ምንም ሳትበላሽ የምታፈስበት ጊዜ አለ። ትርፍ ማጠራቀሚያዋን እስከ አፉ ሞልተሽው ከሆነ ፈሳሹ ሲሞቅ ይሰፋና ትርፉ ከማጠራቀሚያዋ በሚወጣ ቀጭን ቱቦ መሬት ላይ ይወርዳል። ልኩ የሚታየው ሆንዳዋ በመካከለኛው ማቆሚያ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሞተሩም ሞቆ እየሠራ ነው፤ ፈሳሹ በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል ይሁን። በጎን እግሯ ዘንበል ብላ ሳለች ያየሽውን ልክ አትመኚው።

አሁን እጠቢያት። በሳሙናና በቀስታ በሚወርድ ውሃ እንጂ በግፊት ማጠቢያ አይሁን፤ እሱ የራዲያተሩን ስስ ክንፎች ያጣምማል፣ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎች ውስጥም ውሃ ያስገባል። አሮጌ ቅባትና አቧራ ባለበት ማንም የኩላንት ምንጭ አግኝቶ አያውቅም። የጎን ፕላስቲኮቿን አውርጂ፣ በደንብ አድርቂያት፣ ከሥር ሰፊ ካርቶን አንጥፊ፣ ጎማዎቿ ያረፉበትን ቦታ ካርቶኑ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ጠዋት ጠብታ ካገኘሽ ከየትኛው ክፍል ትይዩ እንደወረደ ታውቂያለሽ። ብቻ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ምንጩ ነው ብለሽ አትደምድሚ። ፈሳሽ በብረቱ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ስትነጂ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የምትፈልጊው ከእርጥቡ ሁሉ ከፍ ያለውንና ወደ ፊት የቀረበውን ነጥብ ነው። እሱ ካልታየሽ የሕፃን ፓውደር ነስንሺበት፤ ፈሳሹ የሄደበት መንገድ ይሰመርልሻል።

ወደ ሽታው እንመለስ። ይህች ኤስ ቲ 1300 ናት። ሞተሯ 1261 ሲሲ ነው፣ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በ90 ዲግሪ ተከፍተዋል። በሁለቱ ረድፎች መሃል ያለው ሸለቆ ውስጥ፣ አየርና ነዳጅ ከሚገባበት ክፍል ሥር፣ የኩላንት ቱቦዎች ተቀብረዋል። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠችው ከ2003 እስከ 2012 ባለው ሞዴል ነው፤ የመጨረሻዋ እንኳ ዛሬ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ቱቦዎቹ ከፋብሪካ እንደወጡ ከሆኑ ጎማው ደርቋል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ጎማ ያረጃል።

ያረጀ ጎማ ማሰሪያው በጨበጠው ልክ ተጨምቆ ይቀርና መልሶ የመንፋት ኃይሉን ያጣል። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ውርጭ ሲመጣ ጎማው ከብረቱ የበለጠ ይኮማተራል፣ በቱቦውና በአንገቱ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍተት ይፈጠራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። ጠዋት አስነስተሽ ስታሞቂያት ጎማው ይሰፋና ክፍተቱ ይዘጋል። ያፈሰሰው ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ስለነበር በሞተሩ ሙቀት ተንኖ ያልቃል። መሬትሽ ደረቅ ሆኖ የራስ ቁርሽ ውስጥ ድረስ ጣፋጭ ሽታ የገባው ለዚህ ነው። ጋራዥ ወስደሽ «አሞቅናት፣ አንዲት ጠብታ የለም» ቢሉሽም አልዋሹሽም። ሰዓቱን ነው የሳቱት።

ስለዚህ ይህን ዓይነቱን የምትፈልጊው ሌሊቱን ብርድ ላይ አሳድረሽ፣ ጠዋት ከማስነሳትሽ በፊት ነው። ባትሪና ሶፍት ያዢ። ሶፍቱን በዘንግ ጫፍ ጠቅልለሽ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በታች በኩል አስነኪው፣ እያወጣሽ እዪው። ዓይን የማያየውን እርጥበት ነጭ ሶፍት ያሳያል። ደርቆ የቀረ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካየሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስታፈስ እንደቆየች ነው የሚነግርሽ።

አገኘሽው እንበል። ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው የነዳጅ ታንኳን ፊቱን አንስተሽ፣ በረጅም ካቻቢቴ በክፍተቱ ገብተሽ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ማሰሪያውን ሩብ ዙር ማጥበቅ ነው። ሩብ ብያለሁ። ይህ ክረምቱን ሊያሻግርሽ ይችላል፣ በመጪው ዓመት ግን ያው ቦታ ላይ ትንበረከኪያለሽ። ሁለተኛው የአየር ማጣሪያ ሳጥኑንና ከሥሩ ያለውን የነዳጅ መርጫ ክፍል አንስቶ ሸለቆውን መክፈት ነው። ቅዳሜና እሑድን ይበላል። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፤ ከከፈትሽ ደግሞ አንዱን ቱቦ ብቻ ቀይረሽ አትዝጊ። አንዱ ካረጀ ሌሎቹም ያኔውኑ የተገጠሙ ናቸው፤ ሁሉንም ቱቦና ኦሪንግ አስቀድመሽ ግዢና ጀምሪ።

ስትከፍቺ የነዳጅ መስመሩ ግፊት አለውና መመሪያው መጽሐፍ እንደሚያዘው ግፊቱን ሳታስለቅቂ አትፍቺው፤ አጠገብሽ እሳትም ሲጋራም አይኑር። አራቱ የአየር መግቢያዎች አፋቸውን ሲከፍቱ ወዲያው በንጹህ ጨርቅ ድፈኛቸው። እዚያ ውስጥ አንዲት ብሎን ከገባች የኩላንቱን ነገር ትረሺዋለሽ።

አሮጌውን ቱቦ እያጣመምሽ አትጎትቺ። የተገጠመበት አንገት አሉሚኒየም ነው፣ ይሰበራል። ቱቦው እንደሆነ ሊጣል ነው፤ በምላጭ ቢላ በርዝመቱ ሰንጥቀሽ አንገቱን ሳትጭሪ ልጠሽ አውጪው። ከሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ታገኛለሽ፤ ብዙ ጊዜ ፈሳሹ ሾልኮ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። በዕቃ ማጠቢያው አረንጓዴ መፈተጊያ ዙሪያውን እየዞርሽ አጽጂው። ወደ ርዝመቱ አትፈትጊ፣ በዚያ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ለፈሳሽ መውጫ ይሆናል። አዲሱን ቱቦ ስታስገቢ ዘይትም ተራ ግሪስም አትቀቢ። የኩላንት ቱቦ የሚሠራበት ኢ ፒ ዲ ኤም የሚባለው ጎማ ከነዳጅ የተገኘ ቅባት ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል። በራሱ በኩላንቱ አርጥበሽ ግፊው፣ ይገባል። ለኦሪንጎቹ ሲሊኮን ግሪስ ይበቃል። ማሰሪያው ከአንገቱ ጫፍ ካለው እብጠት አለፍ ብሎ ይረፍ፣ እብጠቱ ላይ አይውጣ። የማሰሪያውን ብሎን ጭንቅላት ደግሞ ሁሉም ነገር ከተገጠመ በኋላ በረጅም ካቻቢቴ ልትደርሺበት ወደምትችይው አቅጣጫ አዙሪው። ይህችን ያላሰበ ሰው ለአንዲት ሩብ ዙር ብሎ ሞተሩን እንደገና ይከፍታል።

ሲሊኮን ቱቦ ልግዛ ወይ ብለሽኝ ነበር። ያምራል፣ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ግን በተራ ባለብሎን ማሰሪያ ሲታሰር በብርድ የማንጠባጠብ አመል አለው። እሱን ካልሽ ማሰሪያውንም በስፕሪንግ የሚጨብጥ ዓይነት አድርጊው፤ ቱቦው ሲኮማተር ተከትሎት ይጨብጣል። እኔ የፋብሪካውን ጎማ ነው የምወድድልሽ።

እሺ፣ ጠዋት ደረቅ ናት፣ ሲሞቅ ነው የምታፈሰው ብትዪኝስ? ያኔ ጉዳዩ የግፊት ነው፤ ስለ ግፊት ስናወራ ደግሞ ከክዳኑ መጀመር አለብን። የራዲያተሩ ክዳን ሁለት በር ያለው ቫልቭ ነው። ግፊቱ ከ16 እስከ 20 ፒ ኤስ አይ ሲደርስ አንደኛው በር ተከፍቶ ትርፉን ወደ ማጠራቀሚያው ያሳልፋል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሁለተኛው በር ተከፍቶ መልሶ ይስበዋል። ግፊቱ ለምን አስፈለገ ካልሽ፣ አገር ቤት የአባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ዳር ይዞ ሞተሩን ሲያበርድ አይተሻል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ እዚህ ባሕር ጠረፍ አካባቢ 100 ላይ። ክዳኑ ግፊቱን በትክክል ከያዘ ግን ባዶ ውሃ እንኳ እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል፣ ከኩላንት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ከዚያም ያልፋል። የክዳኑ ጎማ ሲሰነጠቅ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ሆንዳዋ ትፈላለች፣ ትተፋለች፣ አንቺም ሌላ ቦታ ቀዳዳ ስትፈልጊ ትውያለሽ። ክዳን ርካሽ ነው። አሮጌ ከሆነ ሳትጠራጠሪ ቀይሪው፣ በላዩ የተጻፈው ግፊት ግን ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን።

ከዚህ ጋር የምትያያዝ አንዲት ነገር ልንገርሽ፣ ብዙ ነጂ የሚሸወድባት ናት። ማጠራቀሚያው ሙሉ ነው ማለት ራዲያተሩ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ከክዳኑ ወደ ማጠራቀሚያው የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ከተሰነጠቀች፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ በመሳብ ፈንታ አየር ይስባል። ማጠራቀሚያው ንቅንቅ አይልም፣ ራዲያተሩ ግን በየቀኑ ይጎድላል። ልኩ ለወራት ካልተነቃነቀ ደስ አይበልሽ፤ ጤነኛ ሥርዓት በሙቅና በቀዝቃዛ ጊዜ መካከል ልኩ ከፍና ዝቅ ይላል። ራዲያተሩን ራሱን ከፍተሽ እዪ። የምትከፍቺው ግን ሌሊቱን ሙሉ ከበረደች በኋላ ነው። በትኩሱ ከከፈትሽው ፊትሽ ላይ የሚፈነዳው የፈላ ፈሳሽና እንፋሎት ነው፤ በዚህ ቀልድ የለኝም።

ክዳኑ ደህና ከሆነ የግፊት መሞከሪያ አምጪ። ሰዓት ያላት የእጅ ፓምፕ ናት፣ በክዳኑ ቦታ ትገጠማለች። እዚህ አገር የመኪና መለዋወጫ ሱቆች በመያዣ ያውሱሻል፤ የሞተር ሳይክል አንገት ጠባብ ስለሆነ ግን የሚገጣጠም ትንሽ ማያያዣ መኖሩን ጠይቂ። ክዳኑ ከሚይዘው ግፊት አታሳልፊ፣ 20 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሄድሽ ደህናውን ራዲያተር ትቀጂዋለሽ። ሞልተሽ ሰዓቷን እየተመለከትሽ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። መርፌዋ ከወረደች የሆነ ቦታ እየወጣ ነው፣ በባትሪ ዙሪያውን ፈልጊ። አንዴ በብርድ፣ አንዴ ሞቅ ባለ ጊዜ ሞክሪ። ክዳኑንም በዚሁ መሣሪያ መፈተን ይቻላል፤ ግፊቱን ቢያንስ 6 ሰከንድ ካልያዘ ጣይው።

በሙቀት ከሚያፈሱት ውስጥ ብዙ ወሬ የሚነዛበት የውሃ ፓምፑ ነው። ከፓምፑ ሆድ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች። አትድፈኛት! ሆን ተብላ የተተወች ናት። ውስጥ ሁለት ሲሎች አሉ፣ አንዱ ኩላንቱን ይይዛል፣ አንዱ ዘይቱን፤ ቀዳዳዋ በሁለቱ መካከል ትወጣለች። ኩላንት ካወጣች የውሃው ሲል አልቋል፣ ዘይት ካወጣች የዘይቱ። ሙጫ የለጠፈባት ሰው መልእክተኛውን ነው የገደለው፤ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ ወደ ዘይቱ ያመራል፣ ከዚያ ወጪው የፓምፕ መሆኑ ይቀርና የሞተር ይሆናል። ክረምቱን ቆማ ከርማ መጀመሪያ ስትነሳ ጥቂት ጠብታ ብታሳይና ብታቆም ታገሻት፣ ሲሉ ደርቆ ስለነበር ነው። በየጉዞው ከቀጠለች ግን ፓምፑን ቀይሪ። ለወደፊቱ ደግሞ ኩላንት ስትገዢ ሲሊኬት የሌለበት መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቢ፤ ሲሊኬት የፓምፑን ሲል ይፈጃል ብሎ የሆንዳው መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል።

ራዲያተሩን የፊት ጎማው የወረወረው ጠጠር ይበሳዋል። ትንሽ ቀዳዳ አሉሚኒየም በሚበይድ ሰው ትጠገናለች፣ ትልቅ ከሆነ ቀይሪው። «ቀዳዳ ይደፍናል» እያሉ የሚሸጡልሽን ጠርሙስ ግን ከዚህች ሆንዳ አርቂልኝ። ቀዳዳውን ከደፈነ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎችም የማይደፍንበት ምክንያት የለም።

የምታስፈራዋ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ናት፣ እሷን በአጭሩ ልጨርሳት። ውጭ ላይ ምንም እርጥብ ሳይኖር ኩላንቱ ከጎደለ፣ ሞተሩ እየሠራ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከተነሳ፣ ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ ወይም ሞቃ እንኳ ከማርሚታዋ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ከወጣ፣ አትንጂያት። ይህ የጋራዥሽ ሥራ አይደለም።

ጠግነሽ ስትሞይ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ቀላቅዪ። የቧንቧ ውሃ የያዘው ማዕድን ውስጡ ድንጋይ ይጋግራል። ግማሽ በግማሹ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም፣ ከዚያ የበለጠ ጥበቃ አያስፈልግሽም። ቀስ ብለሽ እስከ አንገቱ ሙዪ፣ ክዳኑን ሳትገጥሚ አስነሺያት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ በራሷ ትሥራ፣ ነዳጁን ሦስት አራት ጊዜ ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጊ። አየሩ እየተንደቀደቀ ሲወጣ ልኩ ይወርዳል፤ አጥፊ፣ ጨምሪ፣ ዝጊ። በማግሥቱ በብርዱ እንደገና እዪው፤ ያመለጠ የአየር ኪስ ሌሊት ነው የሚታወቀው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ተራራው መንገድ፣ ወደ ስካይላይን ድራይቭ የምትሄጂው። እማዬ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ያን ነገር አልሸጠችውም?» እያለች ታስጨንቀኛለች፣ ስለዚህ ቢያንስ መንገድ ዳር እንዳትቀሪ። መንገዱ 169 ኪሎ ሜትር ነው፣ የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር፤ በጥቅምቱ የቅጠል ወቅት ደግሞ ከዚያም በታች እየተጎተትሽ ትወጫለሽ። ነፋስ የለም፣ ዳገት ነው፣ ቬንቲሌተሩ ደጋግሞ ይነሳል። ጥገናሽን የሚፈትነው ይህ ነው እንጂ በፍጥነት መንገድ ላይ መብረር አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ፣ ራሱ በራሱ የሚጣበቅ የሲሊኮን ቴፕ፣ ሁለት ትርፍ ማሰሪያና ካቻቢቴ ያዢ። ቱቦ ቢቀደድብሽ እስክትበርድ ቁጭ በዪ፣ አድርቀሽ ቴፑን እየወጠርሽ ጠምጥሚ፣ ባዶ ውሃ ጨምሪና ቀስ ብለሽ ተመለሺ። ቤት ስትደርሺ ግን ያን ውሃ ለሌሊት አታሳድሪው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 ከመቶ ያህል ይጨምራል፣ የሞተሩን አካል ለመሰንጠቅ ይበቃል።

ጋራዥ መውሰድ ግድ ከሆነም ራዲያተር ከመግዛትሽ በፊት «ግፊት ስትሞሉባት የት አፈሰች? በብርድ ነው በሙቅ የሞከራችኋት?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ የሌለው ሰው ዕቃ ነው የሚሸጥልሽ። ያወጣሽውን አሮጌ ኩላንት ደግሞ መንገድ ዳር ባለው የዝናብ መውረጃ እንዳታፈሺው። ክዳኑ በሚጠብቅ ጀሪካን አድርጊው፣ «መርዝ» ብለሽ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፊበት፣ ከልጆች እጅ አርቀሽ ስቀዪው። ካውንቲው የሚቀበልበት ቦታ አለው፤ ቅዳሜ የእኔን አሮጌ ዘይት ስወስድ አብሬ አደርስልሻለሁ።